በወሎ ውርጭ ደጋ የድንጋይና የእንጨት ቤት በእጅ መሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደሴ ወጥተው ወደ ጉጉፍቱ ሲወጡ፣ ከዚያም አልፈው በለጋምቦ፣ በአማራ ሳይንት፣ በደላንታ፣ በዋድላ፣ በመቄትና በላስታ ከፍታዎች ላይ ቤት ልሥራ የሚል ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ብርዱን ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎች ደጋግመው የሚያነሱት ለወላጆቻቸው ቤት ሊሠሩ ከከተማና ከአረብ አገር የተመለሱ ልጆች፣ ጎጆ የሚወጡ ሙሽሮችና የእንግዳ ማረፊያ የሚያስቡ ወጣቶች ናቸው።

በፊልም እንደምናየው ሙሉ በሙሉ ከግንድ የተሠራ ቤት በወሎ ደጋ መሥራት ይቻላል?

ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። የግንድ ቤት የኖርዌይ፣ የፊንላንድ፣ የሩሲያና የካናዳ ገጠር ጥበብ ነው። እዚያ ደኑ ሰፊ ነው፤ ዛፎቹም ቀጥ ብለው የሚያድጉ፣ ለመጥረቢያ የሚገሩ የጥድ ዓይነቶች ናቸው። አናጢው ግንዱን ልጦ በመጠኑ ካደረቀ በኋላ አንዱን በሌላው ላይ ያጋድማል። የላይኛው ግንድ ሆዱ በታችኛው ጀርባ ልክ ይቦረቦራል፤ ማዕዘኑ ላይ ሁለቱ ግንዶች እየተነከሱ ይጠላለፋሉ። በመካከል የሚቀረውን ቀዳዳ ከዛፍና ከድንጋይ ላይ በሚለቀም የደረቀ ሽበት ይወትፉታል። በግንዱ ውስጥ የቀረው እርጥበት ሲደርቅ ግንዱ ስለሚኮማተር ግድግዳው ከተሠራ በኋላ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ከበሩና ከመስኮቱ አናት ላይ ክፍተት ትተው ይሠራሉ። ያ ክፍተት ከሌለ ግድግዳው በመስኮቱ ላይ ይጫንና መቃኑን ያጣምመዋል።

ለአንዲት ጠባብ ቤት እንኳ በብዙ አሥር የሚቆጠር ወፍራም ግንድ ይጠፋል። በእኛ ደጋ በብዛት የሚገኘው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ በቁመቱም ይሰነጠቃል፤ ተጋድሞ ግድግዳ ሲሆን በየስንጥቁ ነፋስ ያስገባል። የአበሻ ጥድ ለዚህ ሥራ ይበጅ ነበር፤ ነገር ግን የቀረን ጥድ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ቅጥር፣ እንደ የጎፍ ባሉ ጥብቅ ደኖችና በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የተጠለለው ነው። ጥድ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ኮሶ ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ ሕግ ይከለክላል። ባይከለክል እንኳ አንድ ቤት ለማቆም ብሎ አያቶቻችን ጠብቀው ያቆዩትን ጥላ ማራቆት ነውር ነው።

ሌላው ምክንያት ከእንጨት እጥረቱም ይበልጣል፤ የእኛ ብርድና የእነሱ ብርድ አንድ አይደለም።

ብርድ ሁሉ ብርድ አይደል? ልዩነቱ ምንድን ነው?

የእነሱ ብርድ ወራት ሙሉ ቀንም ሌሊትም አይለቅም። እዚያ ቤት የሚፈለገው ውስጥ የነደደውን እሳት ሙቀት እንዳያመልጥ አጥብቆ እንዲይዝ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ወፍራም እንጨት ጥሩ ነው። የእኛ ብርድ የሌሊት ብርድ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል ምድር ቀን የሞቀችውን ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቅቀዋለች። ንጋት ላይ ውርጩ ባቄላውን ያቃጥለዋል፤ ረፋድ ላይ ግን ፀሐዩ ጋቢ ያስወልቃል። እንግዲህ እዚህ የሚጠቅመው የቀኑን ፀሐይ ጠጥቶ ለሌሊቱ የሚያቆይ ግድግዳ ነው። ድንጋይና ጭቃ በስፋቱ ልክ ከእንጨት እጥፍ ገደማ ሙቀት ያጠራቅማል። 60 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ከውጭ የጠጣውን ሙቀት ወደ ውስጥ የሚያደርሰው ከግማሽ ቀን ገደማ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ቤተሰቡ ተኝቷል።

ይህ የሚሠራው ግድግዳው ፀሐይ ካገኘ ነው። ወሎ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 እና 12 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በታኅሣሥ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ከአድማስ 55 ዲግሪ ገደማ ከፍታ ላይ ትሆናለች። የቤቱ ረጅም ጎን ወደ ደቡብ ከዞረ ውርጭ በሚበረታባቸው ወራት ቀኑን ሙሉ ይሞቃል። በክረምት ደመናው ሳምንታት ሲቆይ ግን ድንጋይ ብቻውን አይበቃም፤ ስለዚህ የውስጡን ገጽ ገለባ በበዛበት ጭቃ ደረብ አድርጎ መመረግ ያስፈልጋል። ገለባው በውስጡ አየር ስለሚይዝ የድንጋዩን ቅዝቃዜ ከሰውነት ያርቃል።

ቦታ ሲመርጡ ከፍታውንም ያስቡ። ወደ ላይ በየ1000 ሜትሩ አየሩ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል፤ 2500 ሜትር አካባቢ ካለችው ደሴና 3500 ሜትር ላይ ካለ መንደር መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ነው። ሸለቆ ውስጥ መግባትም መፍትሔ አይሆንም፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ተንሸራቶ ረባዳው ላይ ይተኛል፤ ውርጭም የሚበረታው እዚያ ነው። የሚመረጠው ከረባዳው ከፍ፣ ከጫፉ ዝቅ ያለ ተዳፋት ነው።

ታዲያ የአገራችን ነባር አሠራር የትኛው ነው?

እንጨትን ከድንጋይ ጋር አስሮ መሥራት። ማስረጃው ላስታ ውስጥ ቆሟል። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ክፍል በዋሻ ውስጥ ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን፣ ከንጉሥ ላሊበላ በፊት በነገሠው በዛጉዌው ንጉሥ ስም የሚጠራው፣ ግድግዳው አንድ ረድፍ ጠርብ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በኖራ የተለሰነ ድንጋይ እየተደረበ የተሠራ ነው። ጥቁርና ነጭ ሆኖ የሚታየው ለጌጥ ብቻ ይመስላል፤ ዳሩ ግን የተጋደመው እንጨት ግንቡን በየደረጃው እንደ መቀነት አስሮ ይዞታል። በትግራይ ደብረ ዳሞ ደግሞ በግንቡ ውስጥ የሚያልፉት አጫጭር እንጨቶች ጫፍ ወደ ውጭ ብቅ ብሎ ይታያል፤ የዝንጀሮ ራስ ይሉታል። ላሊበላ ላይ ቤተ አማኑኤልን ልብ ብለው ቢያዩ፣ ከአንድ አለት ተፈልፍላ ሳለ ግድግዳዋ ይህንኑ የእንጨትና የድንጋይ ንብርብር አስመስሎ ተቀርጿል። ጠራቢዎቹ ቤት ማለት እንዲህ ነው ብለው ያምኑ እንደነበር እኔ ከዚህ እረዳለሁ።

የሕዝቡ ቤት ደግሞ የላስታው ክብ የድንጋይ ቤት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ባለ ሁለት ደርብ ሆኖ ከታች ከብት፣ ከላይ ሰው ያድርበታል፤ ክዳኑ ሣር ነው።

ክብ ይሻላል ወይስ ማዕዘን ያለው?

ለትንሽ ቤተሰብ ክብ። ለተመሳሳይ ወለል የሚያስፈልገው ግድግዳ ያነሰ ስለሆነ ድንጋዩም ይቀንሳል፣ ለብርድ የሚጋለጠው ገጽም ይጠባል፤ ነፋስም የሚመታው ማዕዘን የለውም። ነገር ግን ቀጥ ያለ እንጨት በክብ ግንብ ውስጥ ማጋደም ያስቸግራል። ክፍሎች ያሉት ሰፊ ቤት ከፈለጉ ማዕዘን ያለውን ይምረጡና የእንጨቱን መቀነት ያስገቡ።

መቀነቱ እንዴት ይገባል?

ግንቡ በየ80 ሳንቲ ሜትር ወይም በየአንድ ሜትሩ ከፍታ ሲደርስ ሁለት ረጃጅም እንጨቶች ይጋደማሉ፤ አንዱ በውስጠኛው፣ ሌላው በውጭኛው ገጽ በኩል። በየአንድ ሜትሩ ገደማ አጭር ተሻጋሪ እንጨት ሁለቱን ያያይዛቸዋል፤ መጋጠሚያው በምሳርና በመሮ ይነከሳል እንጂ በሚስማር ብቻ አይታመንም። ማዕዘን ላይ የአንዱ ግድግዳ እንጨት የሌላውን አልፎ መውጣትና መጠላለፍ አለበት። የሥራው ሁሉ ቁልፍ ያ ማዕዘን ነው። አናጢው እዚያ ላይ ቸኩሎ እንጨቱን አፍ ለአፍ ገጥሞ ቢያልፍ ያስፈርሱት፤ መቀነቱ ካልተቋጠረ የለም ማለት ነው።

ግንቡ ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ እስኪል ድረስ እንጨት አያስገቡ፤ ከምድር የሚወጣው እርጥበት ያበሰብሰዋል። የመጨረሻው መቀነት በግንቡ አናት ላይ ይሆንና የጣሪያው ወራጅ በእሱ ላይ ያርፋል።

ይህ የመሬት መንቀጥቀጥን ይቋቋማል?

የድንጋይ ቤት የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳዎቹ ማዕዘን ላይ ተላቅቀው ወደ ውጭ ሲወድቁ ነው። መቀነቱ የሚከለክለው ይህንን ነው። ወሎ በስምጥ ሸለቆ አፋፍ ላይ ስላለ ነገሩ የሩቅ አይደለም፤ በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬና በማጀቴ አካባቢ የደረሰው መናወጥ ብዙ ቤት አፍርሷል። ጭቃ ብቻ የያዘው ያለ እንጨት የተካበ ከፍተኛ ግንብ እንዲሠሩ አልመክርም፤ በተለይ ሁለተኛ ደርብ ካሰቡ።

የትኛው እንጨት ለየትኛው ቦታ?

ለመቀነት፣ ለበር አናት ተሸካሚና ለምሰሶ የአበሻ ጥድና ወይራ የሚያክላቸው የለም፤ ሁለቱም መበስበስንና ምስጥን ይቋቋማሉ። ግን አዲስ አይቁረጡ፤ ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ እንጨት ይፈልጉ። በጭስ የጠቆረ የጥድ ምሰሶ ካገኙ ዋጋውን ሳይከራከሩ ይግዙ፤ ሊጣመም የሚችለውን ከዓመታት በፊት ተጣሞ ጨርሷል። ለወራጅና ለማገር ባሕር ዛፍ ይበቃል፤ ቆሞም ሆነ ጣሪያ ላይ ሆኖ ሲሠራ ስንጥቁ ያን ያህል አይጎዳም። የፈረንጅ ጥድ ለጣውላና ለወለል ይሆናል። አስታን ለማገር ብለው ከተራራ አናት አያምጡ፤ እጅግ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ምንጮቹም የሚመገቡት ከዚያ ተራራ ነው።

ባሕር ዛፍ መቼ ይቆረጥ?

በበጋ፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ። ወዲያው ይላጥ፤ ነቀዝ የሚራባው ልጡ ሥር ነው። ከዚያ ከመሬት ከፍ አድርገው ጥላ ውስጥ ይከምሩት፤ በጠራራ ፀሐይ ከደረቀ ስንጥቁ ይከፋል። ቢያንስ እስከሚቀጥለው በጋ ቢቆይ ጥሩ ነው። የሚቸኩል ሰው ቀጭኑን ለማገር ቶሎ ይጠቀምበት፣ ወፍራሙን ግን ይታገሥ። ምሰሶውን ጉድጓድ ውስጥ ከመቅበር በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ማቆም ይሻላል፤ የተቀበረ ባሕር ዛፍ መጀመሪያ የሚበሰብሰው አፈሩና አየሩ የሚገናኙበት ላይ ነው።

መሠረቱ ምን ያህል ይጥለቅ?

ጠንካራ አፈር ወይም አለት እስኪገኝ ድረስ። የደላንታን የመሰለ ሜዳ ላይ መረሬ አፈር አለ፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተሠራን ግንብ ይዞት ይንቀሳቀሳል። መረሬውን አልፈው ይቆፍሩ፤ በጣም ጥልቅ ከሆነ ቦታ መቀየር ከጸጸት ያድናል። ከቤቱ ሽቅብ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ከግንቡ በፊት ይቆፈር።

ድንጋዩን በተመለከተ፣ ወሎ ደጋ ላይ የሚበዛው ጥቁሩ ድንጋይ ለመጥረብ ቢያስቸግርም እርጥበት አይጠጣም። ግንበኛው ሁለት ገጽ አቁሞ መካከሉን በጠጠር እንዳይሞላ ይቆጣጠሩ፤ በየተወሰነ ርቀት ከውስጥ እስከ ውጭ የሚዘልቅ ረጅም ድንጋይ መግባት አለበት። ቱምቢ ሳይጥል የሚክብ ግንበኛ ምንም ስመ ጥር ቢሆን አይቅጠሩ።

ጤፍ በማይበቅልበት ደጋ ጭቃው በምን ይቦካ?

በገብስ ገለባ። የጤፍ ጭድ ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ ለምርጊት ተመራጭ ነው፤ ከወይና ደጋ ማስመጣት ከቻሉ ለመጨረሻው ምርጊት ያስመጡ። ለሥሩ ግን አጠር ተደርጎ የተከተከተ የገብስ ገለባ በደንብ ይይዛል። ጭቃው ከገለባው ጋር ለቀናት እየተረገጠና እየተገላበጠ መቆየት አለበት፤ ሽታው ሲለወጥና በእጅ ሲይዙት ሲለጠጥ ደርሷል። ለመጨረሻው ገጽ እበት ይጨመርበት፤ ስንጥቁን ይቀንሳል።

ሰዎች ብዙ የማያስቡት ውርጩን ነው። እርጥብ ምርጊት ውስጥ ያለው ውኃ ሌሊት ሲበርድ ወደ በረዶ ይለወጥና ያብጣል፤ ጠዋት የግድግዳው ገጽ እንደ ቂጣ እየተላጠ ይረግፋል። ስለዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ ከመረጉ ስስ አድርገው፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ጀምረው ከቀትር በፊት ያቁሙ፤ ማታ በገለባ ወይም በአሮጌ ሰሌን ይሸፍኑት። በወሎ ደጋ ከየካቲት ጀምሮ የበልግ ዝናብ ስለሚመጣ ጊዜው ጠባብ ነው። የእኔ ምክር ግንቡን በበጋው ጨርሰው ክዳኑን ከበልግ በፊት ማልበስ፣ ውስጡን ደግሞ ጣሪያ ሥር ሆነው ረጋ ብለው መመረግ ነው።

ሣር ወይስ ቆርቆሮ?

ለብርድ ሣር። በተለይ ጓሳ ከተገኘ፤ ከገብስና ከስንዴ ገለባ እጅግ ይበልጣል። 25 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ቢያንስ 45 ዲግሪ የተዳፋ የጓሳ ክዳን ዝናቡን ያንሸራትታል፣ ሙቀቱንም ይይዛል። ችግሩ ጓሳ በየቦታው አለመኖሩና መቆረጥ ያለበት ማኅበረሰቡ በፈቀደበት ጊዜና ቦታ ብቻ መሆኑ ነው፤ እሳትም ያሰጋዋል።

ቆርቆሮ ዕድሜ አለው፣ ጥገናውም ቀላል ነው፤ ነገር ግን ጥርት ባለ ሌሊት ከውጭው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል። የሰውና የምግብ እንፋሎት ሥሩ ይጠራቀምና ንጋት ላይ በአልጋ ላይ ይንጠባጠባል። ቆርቆሮ የግድ ከሆነ ከሥሩ ኮርኒስ ያስፈልጋል፤ ከላስቲክና ከማዳበሪያ ከረጢት የሚሠራውን ሳይሆን በቀጫጭን እንጨት ተረብርቦ በላዩ ገለባ የበዛበት ጭቃ የተመረገበትን ማለቴ ነው። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል አየር የሚዘዋወርበት ቀዳዳ ይተዉ። ከላይ ቆርቆሮ፣ ከሥር የጭቃ ኮርኒስ ያለው ቤት ዛሬ ለአብዛኛው ሰው የሚሆነው ነው ብዬ አምናለሁ። በሁለቱም ክዳን ግን ጠርዙ ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ወጣ ይበል፤ የጭቃ ግድግዳ ባላንጣው ዝናብ ነው።

በርና መስኮቱ?

በሩ ዝቅ ያለ፣ ነፋስ ከሚመጣበት ዞር ያለ ይሁን፤ ነፋሱ ከየት እንደሚበረታ የሰፈሩን እረኞች ይጠይቁ። መስኮት ወደ ደቡብ ሁለት፣ ወደ ሌላው ጎን ትንሽ ወይም ምንም። መስታወት ካስገቡ ከውስጥ በኩል የጣውላ መዝጊያ ይኑረው፤ መስታወት ቀን ያስገባውን ሙቀት ማታ ይመልሰዋል።

እሳቱስ? ጭስ ለጣሪያው ይበጃል ይባላል።

ለእንጨቱና ለሣሩ እውነት ነው፤ ጥላሸቱ ነቀዝ ያባርራል። ለእናቶቻችን ዓይንና ለሕፃናት ሳንባ ግን መርዝ ነው፤ ጣሪያን ለማቆየት የሰውን ትንፋሽ መክፈል አይገባም። ማድ ቤቱን ከመኝታው በድንጋይ ግድግዳ ይለዩት፤ ምድጃውን ያንኑ ግድግዳ አስጠግተው ከጭስ ማውጫ ጋር ይሥሩት። እንጀራ ሲጋገርና ወጥ ሲሠራ ግድግዳው ይሞቃል፤ በሌላው ጎን ያለው መኝታ ያለ ጭስ ሙቀቱን ያገኛል። ከግድግዳው ጋር ተያይዞ የሚሠራ የጭቃ መደብ ካለ ደግሞ ለአረጋውያን ከአልጋ የተሻለ ማደሪያ ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፦ ነፋስ እንዳያስገባ ተደርጎ በተሠራ ቤት ውስጥ የከሰል ምድጃ ይዞ በር ዘግቶ መተኛት ይገድላል። ከከሰሉ የሚወጣው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ የተኛውን ሰው ሳይነቃ ይወስደዋል። ቤቱ በጠበቀ ቁጥር አደጋው ይጨምራል። ከሰሉ ከመተኛት በፊት ወደ ውጭ ይውጣ፤ ከጣሪያው ሥርም የማይዘጋ ትንሽ የአየር ቀዳዳ ይኑር።

ከብቶቹን ከታች ማሳደር አሁንም ይመከራል?

ሙቀታቸው እውነተኛ ነው፤ ግን ቁንጫውም፣ ሽታውም፣ በሽታውም አብሮ ይመጣል። ተዳፋት ላይ ከሠሩ በረቱን ከቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ አጣብቀው በሩን ግን ለየብቻ ያድርጉት። ሙቀቱን በግድግዳው ያገኛሉ፤ የሌሊት ሌባና ጅብም አያሳስብዎትም።

ሠራተኛ በገንዘብ ይቀጠር ወይስ በደቦ?

ግንበኛውና አናጢው በገንዘብ፤ ድንጋይ ማጋዙ፣ ጭቃ መርገጡና ክዳኑ በደቦ። ለቅሬው፣ ማለትም ለሰፈሩ መረዳጃ ማኅበር፣ አስቀድመው ይናገሩ፤ ቀኑ ከሰኞና ከቅዳሜ ገበያ፣ ከጁምዓና ከበዓላት ጋር እንዳይጋጭ ሽማግሌዎቹ ያስተካክሉታል። የእኛ ደቦ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚመጣበት ስለሆነ ስጋ ካሰቡ እርዱ ለየብቻ ይሁን፤ ይህ ካልተመቸ ንፍሮ፣ ሽሮና ቡና ሁሉንም በአንድ ገበታ ያስቀምጣል። ምሰሶው ሲቆም ሽማግሌ መርቆ፣ ዱዓ ተደርጎ ነው፤ ለዚያ ሰዓት ይተዉ፤ ሠራተኛውን አያቻኩሉ።

ከዚያ በፊት ግን የይዞታ ማረጋገጫዎን ይዘው ቀበሌ ይሂዱ። ፈቃድ ሳይኖር የተቆፈረ መሠረት ወሰን ላይ ክርክር ሲነሣ ባለቤቱን ያስለቅሰዋል።

ቤቱ ካለቀ በኋላ በየዓመቱ ምን ይደረግ?

መስከረም ላይ ግድግዳውን ዞሮ ማየት፤ የተሰነጠቀውን ውርጭ ሳይገባበት በስስ ጭቃ መድፈን። ውኃ በስንጥቁ ገብቶ ሌሊት ከበረደ ጣት የማያስገባው ስንጥቅ በጥቂት ዓመት ድንጋይ ያላቅቃል። ሣር ከሆነ ጉልላቱ ዙሪያ ያለውን መጀመሪያ ይዩ፤ የሚሳሳው ከዚያ ነው። ቦዩንም ይጥረጉ።